ቀድተን ቀበርናቸው

የድሬዳዋ ሰዎች ሆይ፣ በተለይም ባለፈው ወር ከእኔ ጋር መቃብር ዳር የቆማችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቦኖዋ እትዬ መቼ ነው ሰባት ልጆች የወለዱት?

አልወለዱም። ይህን የማያውቅ በሰፈሩ የለም። የእድሩ ጸሐፊ ግን ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሰባት ልጆች እናትና የአሥራ አንድ ልጆች አያት ነበሩ» ብሎ አነበበ። ዝም አላችሁ። «በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገልግለው በጡረታ ተገለሉ» አለ። ቦኖ ሲከፍቱና ሲዘጉ ያረጁትን ሴት ባቡር ላይ አሳፈራቸው፤ አሁንም ዝም። «አባታችን ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ላይ ሲደርስ ራሱም ደነገጠ። ቆም ብሎ ወደ እኛ ቀና አለ፤ የሚያርመው ሲያጣ ቀጠለ። ሁለት ሦስት ሰው ነጠላውን ወደ አፉ ሰበሰበ። የሸፈነው ሳቅ እንደነበረ አይቻለሁ። ከጎኔ የቆሙ አንዲት የመጋላ ባልቴት ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማንን ነው የምንቀብረው?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። አፈሩ ተመለሰ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩት ማለትም አይገባኝም፤ ቀዳሁት። ከዚራ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ «የሕይወት ታሪክ» የሚባል ፋይል አለ። የዘንድሮው ሟች የሚወጣው ከአምናው ሟች ነው። ስም እለውጣለሁ፣ ቀን እለውጣለሁ፣ ፎቶ እተካለሁ፤ «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» የሚለው ለሁሉም ይሆናል። ያን ዕለት መብራት ሳይጠፋብኝ ብዬ ቸኩዬ ከላይ ያለውን ስምና ጥቂት ቃላት ብቻ ለውጬ አተምኩት። እናንተም ስትመጡ ስማቸውንና ያረፉበትን ቀን ነግራችሁኝ «ሌላውን አንተ ታውቃለህ» ብላችሁኝ ነበር የሄዳችሁት።

አውቅ ነበር! የማልረሳው ይህን ነው። እኒያ ሴት በከፈቱት ቧንቧ ነው ያደግሁት። ንጋት ላይ የቦኖውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲመጡ ቢጫ ጀሪካኖቻችን ቀድመውን ተሰልፈው ይጠብቋቸው ነበር። ሳንቲም ያላመጣውን ልጅ ፊታችን አያሳፍሩትም። «ቅዳና ሂድ፤ እናትህ ታውቃለች» ይሉታል። እናቱ አታውቅም። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ያበቅላል፤ የቧንቧው አፍ በኖራ ሲደፈን በምስማር ይፍቁት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የእሳቸውም ቤት አብሮ ሄደ። ከቀናት በኋላ የሰው ጫማ ተጫምተው ቦኖው ዘንድ ቆመው አይቻቸዋለሁ። የወንድ ጫማ ነበር፤ ለእግራቸው ይሰፋ ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ወረቀቱ ላይ የለም።

ቀዳ የሚለው ግስ የእሳቸው ነበር። በግእዝም ቀድሐ ውሃ ቀዳ ማለት ነው። ውሃ ከቦኖ፣ ጠላ ከጋን፣ ቡና ከጀበና ይቀዳል፤ ከተቀዳበት ይጎድላል፣ ቀድቶ የተሸከመውም ይከብደዋል። ባዶ ካሴት ይዘን ዘፈን በምናስቀዳበት ዘመን እንኳ ከቅጂ ላይ የተቀዳው ቅጂ ድምፁ እየሳሳ ይሄድ ስለነበር ጆሮ ይለየዋል። አሁን ሁለት ቁልፍ ስጫን የምድር ባቡሩ ጡረተኛ ከነሰባት ልጆቹ ምንም ሳይጎድልበት የቦኖዋን እትዬ ሆኖ ይመጣል። ጽሑፍን መገልበጥም እንላለን። ደብዳቤ ግርጌ ላይ ስንት ጊዜ «ግልባጭ» ብዬ ጽፌአለሁ! አንዱ ግስ ለመቅዳትም ለመድፋትም ማገልገሉ እስከዚያ ቀን ድረስ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

መኮረጅን ለተማሪዎች ትተንላቸዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር በልጆቹ ላይ ያልፈረደ ማን አለ? እኔም ደንበኛ እያስተናገድኩ ፈርጄአለሁ።

ይህች ከተማ ራሷ በተቀዳ ስም ነበር የጀመረችው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ተስኖት በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳው ላይ ሲቆም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ስሙ አልጸናም፤ ድሬዳዋ ድሬዳዋ ሆነች። እኛም የድሬ ልጅ ሆዱ ግልጽ ነው፣ ያሰበውን ይናገራል እያልን እንኮራለን። ታዲያ ያን ቀን የት ነበርን? ጸሐፊው ቀና ብሎ ሲያየን «ተው ወንድሜ፣ አጥፈው፤ እኛ እንንገርህ» የሚል አንድ ሰው እንዴት ጠፋ? ሁላችሁም ከእኒያ ሴት እጅ ጠጥታችኋል። የእኔ ጥፋት ከእናንተ ይብሳል፤ ይህ ግን እናንተን ነጻ አያወጣችሁም።

እባካችሁ ከእንግዲህ ስምና ቀን ብቻ ይዛችሁ አትምጡብኝ። ሟቹ ማለዳ ምን እንደሚያደርጉ ንገሩኝ፤ ማንን እንደሚቆጡ፣ ምን ጫማ እንደሚያደርጉ።

ትናንት አንድ ወጣት ለአባቱ ዐርባ የሚነበብ ጽሑፍ ፈልጎ መጣ። «ያንኑ የተለመደውን ገልብጥልኝ» አለኝ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼ ወንበሬን ለቀቅኩለት። ብዙ ቆየ። ሁለት መስመር ጽፎ አንዱን ሰረዘና «አክስቴን ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እስካሁን አልተመለሰም። ዛሬ ቤቱን የዘጋሁት አንድ ሰዓት ያህል አምሽቼ ነው።