ወርክሺቱ ያልጠየቀው

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ከጥቂት ወራት በፊት ስምንት ገጽ ወርክሺት ይዛ መጣች። የሲ. ኤስ. ሉዊስን «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» የተባለ የልጆች ልብ ወለድ በክፍል እያነበቡ ነበር። መጽሐፉ እንግሊዝ አገር በ1950 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። አራት ወንድምና እህቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ ከተሰቀለው ካፖርት ጀርባ፣ በረዶ ወደሸፈነው ሌላ ዓለም ይወጣሉ። ናርኒያ ይባላል።

ጥያቄ 14 እንዲህ ይላል፦ የፍየል እግር ያለው ሰውዬ በእጁ ምን ይዞ ነበር? ልጄ «ጃንጥላ» ብላ ጽፋለች። ልክ ናት።

«ለምንድን ነው ጃንጥላ የያዘው?» አልኳት።

«እሱ አልተጠየቀም።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይቺ መልስ ናት።

የመምህራኑ ነገር ይገባኛል። ክፍሉ ውስጥ አርባ ምናምን ልጅ አለ። ወላጅ ማርክ ይጠይቃል፤ ማርክ ለመስጠት ደግሞ አንድ መልስ ያለው ጥያቄ ይቀላል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቃል ትርጉምም መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ከስምንት ገጽ ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ ልጁን «አንተስ ምን ትላለህ?» አትለውም።

ከወርክሺቱ ቀጥሎ «ፕሮጀክት» መጣ። ቁም ሳጥን ከካርቶን ሠርታችሁ አምጡ ተባለ። የአዲስ አበባ ወላጅ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኮላ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ነው። ቁም ሳጥኑን የሠራው ባለቤቴ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ውስጡ ሦስት መስቀያ አለው። ዘጠኝ ከአሥር አገኘ። አንዷ ማርክ ለምን እንደተቀነሰችበት እስካሁን ሲብሰለሰል ይገኛል።

ይሄኔ ነው ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ መጽሐፉን ጮክ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ስምንት ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሰሃን ቆሎ። መምህር አይደለሁም። ግን ሳሎኔ ውስጥ ከሆነው ነገር ክፍል ውስጥ ሊሆን የማይችል አላየሁም።

ሉዊስ ታሪኩ ከየት እንደመጣለት ሲጽፍ፣ ነገሩ በአንድ ምስል ነው የጀመረው ይላል። በረዶ በጣለበት ጫካ ውስጥ ጃንጥላና የተጠቀለሉ ዕቃዎች ይዞ የሚሄድ፣ ግማሹ ሰው ግማሹ ፍየል የሆነ ፍጡር። ምስሉ ከ16 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። ታሪክ ልሥራለት ያለው ዕድሜው ወደ 40 ሲደርስ ነው። እኔም መጽሐፉን ከመክፈቴ በፊት ለልጆቹ ይቺን ምስል ብቻ ሰጠኋቸው። ማን ነው? ወዴት እየሄደ ነው? ጥቅሉ ውስጥ ምን አለ?

አንዷ «በርበሬ አስፈጭቶ እየተመለሰ ነው፤ ጃንጥላው በርበሬው እንዳይረጥብ ነው» አለች። አንዱ ደግሞ «ቀንዱን ሊደብቅ ነው እንጂ! ሰው ካየው ሰይጣን ነው ብሎ ይደበድበዋል» አለ። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብ ከቆሎው የሚዘግን እንኳ ጠፋ። ሁሉም የራሱ ሰውዬ እስኪመጣ እየጠበቀ ነበር።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ናርኒያን የያዘችው ነጯ ጠንቋይ አገሩን ሁልጊዜ ክረምት አድርጋዋለች፤ ገና ግን አይመጣም። እንግሊዛዊ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ሆዱ ይባባል። እኔ በአማርኛ ስተረጉምላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ የሚመጣው ልጅ እጁን አወጣ።

«እኛም አገር ገና በክረምት አይመጣም እኮ። ምኑ ነው የሚያሳዝነው?»

እውነቱን ነው። የእኛ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ። በረዶም ለእኛ ልጆች የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድብ ጠጠር ነው፤ ወርዶ ወዲያው ይቀልጣል። መሬት ላይ ተነጥፎ የሚከርም በረዶ አይተው አያውቁም። ወርክሺቱ ላይ «በናርኒያ ክረምት ያልነበረው በዓል የትኛው ነው?» የሚል ምርጫ አለ። ሁሉም «ገና» ብለው ያከብባሉ፣ ማርኳን ያገኛሉ። ግን ዓረፍተ ነገሯ አላገኘቻቸውም።

«እሺ፣ ጠንቋይዋ እኛ አገር ብትመጣ ምን ትቀማን ነበር?» አልኳቸው።

መጀመሪያ ቀልዱ መጣ። «ሁሌ ሰኞ፣ ቅዳሜ የሌለው።» «ሁሌ መብራት የሚጠፋበት።» ቀጥሎ አንዱ «ሁሌ ጾም፣ ፋሲካ የማይደርስበት» ሲል ሳሎኑ ተናጋ። ከፊት ለፊታችን ቤት የምትመጣው ልጅ ቀበል አድርጋ «ሁሌ ረመዳን፣ ኢድ የሌለው» አለች። የኔዋ አሰብ አደረገችና «ሁሌ ክረምት፣ እንቁጣጣሽ የማይመጣበት» አለች። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ደመና፤ አደይ የለ፣ አዲስ ልብስ የለ፣ አበባየሆሽ የለ። አሁን ገባቸው። ከሳምንታት በኋላ የጠንቋይዋ ድግምት ሲላላ፣ በረዶው ቀልጦ አበቦች ብቅ ብቅ የሚሉበት ገጽ ላይ ስንደርስ «አደይ!» ብለው ጮኹ። መጽሐፉ ውስጥ አደይ የለም። ግድ የለም።

ሌላው የወደዱት ችሎቱ ነው። ከአራቱ ልጆች አንዱ ኤድመንድ ጠንቋይዋ በሰጠችው ጣፋጭ ተታልሎ ወንድሙንና እህቶቹን ይከዳል። ጣፋጩ ተርኪሽ ዲላይት ይባላል፤ ስኳር የተነሰነሰበት፣ ለስለስ ያለ ከረሜላ ነገር። ወርክሺቱ «ኤድመንድ ጥሩ ልጅ ነው? አዎ/አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ከሰስነው።

የድሮ ሰው ሲካሰስ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ቁራኛ ይሉታል። የኔን ነጠላ አውጥቼ ከሳሿንና ኤድመንድ የሆነውን ልጅ አቆራኘኋቸው። ከሳሿ የተማረችውን ሳትረሳ «በላ ልበልሃ!» ብላ ጀመረች። ኤድመንዱ ሲያመልጥ እየጎተታት፣ ሶፋው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ።

የተከሳሽ ጠበቃ ጎበዝ ነበር። «ጣፋጩ ድግምት አለበት። አንዴ የቀመሰው ሰው ካላቆሙት እስኪሞት ነው የሚበላው። መጽሐፉ ላይ አለ፤ ያንብቡት!» አለ። አነበብኩት፣ አለ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ማስረጃ አመጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እንግሊዝ አገር ጣፋጭ በራሽን ነበር፤ መጽሐፉ ሲታተም እንኳ ገና አልተፈታም። ገደቡ የተነሳው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን እኔ ነግሬያቸው ነበር። እሱ ግን ቤቱ ሄዶ አያቱን ጠይቋል። አያቱ በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ በኩል በኮታ እንደነበረ፣ ሰልፉን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ስኳር፣ አጎቱ አንድ ቀን ሰርቆ ልሶ የቀመሰውን ልምጭ ሁሉ ነግራዋለች። «ክቡር ዳኛ፣ ስኳር ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሆን አያቴን ይጠይቁ!» አለ። ምስክርነቷን በስልክ ልንቀበል ስንል ቤተ ክርስቲያን ነች ተባለ።

ከሳሿ ግን አልተበገረችም። «እሺ፣ ጣፋጩ ድግምት ይኑረው። ታናሽ እህቱ ሉሲ ናርኒያ አለ ስትል፣ እሱ ራሱ እዚያ ደርሶ እያለ፣ ዝም ብለን ስንጫወት ነው ብሎ አዋረዳት። እዚያ ጋ ጣፋጩ ምን አደረገው?» አለች።

ጠበቃው መልስ አጣ። እኔም ይህን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። ፍርዱ፦ አንድ ዓመት የሉሲን አልጋ ያንጥፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ መምህር በአንድ ትንፋሽ የሚያልፈው። ልጆቹ እዚያ ቤት የደረሱት ለሽርሽር አልነበረም። ለንደን በአውሮፕላን ስለምትደበደብ ነው ወደ ገጠር የተላኩት። መጽሐፉ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ወደ ጨዋታው ይገባል። ታሪኩ ግን እውነተኛ ነው። በመስከረም 1939 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሕፃን፣ ከእንግሊዝ ከተሞች ወጥቷል። ልጆቹ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ልብሳቸው ላይ ታስሮ፣ የጋዝ ጭንብል አንግተው ነበር የሚሳፈሩት። የሉዊስ የራሱ ቤትም እንዲህ የመጡ ልጆችን አስጠግቷል።

ለልጆቹ አንዳንድ ፌስታል ሰጠኋቸው። «ነገ ጠዋት ወደማታውቁት ሰው ቤት ትሄዳላችሁ። አምስት ዕቃ ብቻ ነው የምትይዙት። ጻፉ።» ኳስ፣ ብርድ ልብስ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ኢንዶሚ። አንዱ ልጅ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቻርጀር። ሁሉም ሳቁ። «ስልክ እንኳ የለህም!» አሉት። «ስልኩ እናቴ ጋ ነው። ቻርጀሩ እኔ ጋ ከሆነ ልትወስደው ትመጣለቻ» አለ። በእኛም አገር ከግጭት ሸሽቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ ብዙ ነው። ይህን ልምምድ ክፍል ውስጥ የሚያሠራ መምህር አስቀድሞ ልጆቹን ማወቅ አለበት። ማንንም አስገድዶ አያስነብብ።

የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለልጆቻችን ጥንቆላ እያስተማሩ ነው» የሚል ተነስቶ ነበር። ሌሎች ደግሞ ሉዊስ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር፣ አንበሳውም ሞቶ ይነሳል፣ እንዲያውም ስብከት ነው ብለው መለሱ። ሁለቱም ወገን መጽሐፉን ለልጆቹ ቀድሞ ሊፈታው ቸኮለ። የኔ ስምንት ልጆች ግን አንበሳው ሲሞት አለቀሱ፣ ሲነሳ ዘለሉ። አንዷ በራሷ ጊዜ «ይሄ እንደ ፋሲካ ነው» አለች። ከአፏ ባልነጥቃት ጥሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ይሄ ሁሉ መጽሐፍ በገፍ ላለው የግል ትምህርት ቤት ነው የሚለኝ አይጠፋም። እኛ የነበረን አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ሽፋኑ የተገነጠለ። አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ በቴሌቪዥን አገር ምድሩን ልጅ ሲያስተምሩ ማንም እጅ ላይ መጽሐፍ አልነበረም። ተረቱን ጨርሰውም ወርክሺት አላደሉም። የእኛ ተረት ሲያልቅ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነው የሚለው። ተረት ይመለሳል። የሰማ ሰው ተራው ደርሶ የራሱን ያወራል። እኔ ከአንድ ንባብ በኋላ ለሚሰጥ የቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ አላውቅም። ስድሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥም ይሠራል፤ በቀን አምስት ልጅ ቢመልስ ሁለት ሳምንት ተኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት የታረመው ወርክሺት ተመለሰ። ልጄ የበዓሉ ጥያቄ ላይ «ገና» የሚለውን አክብባለች። ማርክ አይታለፍማ። ከጎኑ ግን፣ በጠባቡ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ «እኛ ጋ ቢሆን እንቁጣጣሽ» ብላ ጽፋለች። መምህሯ አልሰረዘችውም። በቀይ እስክሪብቶ ሥሩን አስምራ «ለምን?» ብላ ጽፋበታለች።

ልጄ አዲስ ደብተር አስገዝታኝ መልሱን እየጻፈች ነው። አሥራ አንድ ገጽ ደርሳለች። ጨረስሽ ወይ ስላት «ገና ነው» ትለኛለች።