የአባ ኮዳ ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ስለ ሐይቅ ዳር ልማት ውይይት ነበር። ወሬው ሐይቁን ይዞ ሊሠራ ስለታሰበ መንገድና የመንገድ መብራት ነው። ከተሳታፊዎቹ አንዷ እጇን አወጣችና «እንስሳቱስ?» አለች። ማብራሪያ ሲሰጡ የነበሩት ሰውዬ ፈገግ ብለው መለሱ። «የመንገዱ ስፋት 20 ሜትር ነው፤ ከሐይቁ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ወፎቹም ቢሆኑ ሰው ለምደዋል። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ሄዳችሁ አባ ኮዳውን እዩት፤ እንዲያውም በዝቷል!» አዳራሹ ሳቀ። ሻይ ቀረበ። እኔ ብስኩቱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

እስቲ ከምስክሩ እንጀምር።

አሞራ ገደል በማለዳ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጀልባው ይጠጋል። መረቡ ይራገፋል። ልጆቹ እዚያው ቁጭ ብለው የቆሮሶውን ቆዳ ገፈው ሥጋውን ያነሳሉ፤ ጭንቅላቱና አንጀቱ መሬት ላይ ይቀራል። አባ ኮዳ ከጎናቸው ቆሟል። ራሰ በራ፣ ትከሻው የተሰበሰበ፣ ያረጀ ኮቱን ለብሶ የጡረታ ወረፋ የሚጠብቅ ሽማግሌ ይመስላል። አንጀት ሲወረወር ብቻ ነው ሽምግልናው የሚጠፋው።

ይህ ወፍ በጥምብና በትርፍራፊ የሚኖር ነው። ሐይቁ ቢታመም ባይታመም ግድ የለውም። ቄራና የቆሻሻ መጣያ ያለበት ከተማ ይመቸዋል። ካምፓላን ያየ ይመስክር፤ እዚያ መሃል ከተማ ዛፍ ላይ ነው ጎጆውን የሚሠራው። ስለዚህ አባ ኮዳ በዛ ማለት ትርፍራፊ በዛ ማለት ነው፣ በቃ። የሰፈር ውሻ ስለበዛ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ተመችቷታል ብሎ የሚከራከር ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? እኛ ግን ስቀን አጨበጨብን።

መቆጠር ያለበት የሚሸሸው ነው። ፊላው ውስጥ ተደብቃ የምትፈለፍለው፣ ውሃው ላይ በተነጠፈ ቅጠል በረጃጅም ጣቶቿ የምትራመደዋ፣ ሰው ሲመጣ ቀድማ የምትነሳው። እነዚህ አይለምዱም፣ ይሄዳሉ። የሄደ ደግሞ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም።

አሁን ወደ 20 ሜትሩ ልምጣ። እኔን ያበሳጨኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር ስላለው እውነት ይመስላል። መንገድ እንስሳ ላይ የሚያደርሰውን ጫና በአስፋልቱ ስፋት የሚለካ ሰው፣ የሰርግ ቤት ጩኸትን በድንኳኑ ስፋት የሚለካ ሰው ነው። ድንኳኑ ስድስት በአራት ነው፤ እሺ፣ እንቅልፍ ያጣው ሰፈርስ ስንት በስንት ነው?

አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ውስጥ የተሠራ አንድ ሙከራ አለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እኔ ይህን ሙከራ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ላይ እሰብካለሁ፤ ጓደኞቼ ሰልችቷቸዋል፤ ዛሬ የእናንተ ተራ ነው። ተመራማሪዎቹ ምንም መንገድ የሌለበት ጋራ መረጡ። ዛፍ አልቆረጡም። አካፋ አላነሱም። አንድም መኪና አላሳለፉም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ የድምፅ ማጉያ ደረደሩና የተቀዳ የመኪና ድምፅ ለቀቁ። አራት ቀን ይከፍቱታል፣ አራት ቀን ይዘጉታል። ወቅቱ ወፎች ረጅም ጉዞ ሲሄዱ ለማረፍና ለመብላት እዚያ ጋራ ላይ የሚወርዱበት ነው። ከዚያ መቁጠር ነው።

ድምፁ በተከፈተባቸው ቀናት የወፎቹ ቁጥር ከሩብ በላይ ቀነሰ። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ከነጭራሹ ጠፉ ማለት ይቻላል። መንገድ የለም፣ መኪና የለም፣ ድምፅ ብቻ! በዚያ ጋራ ላይ የአስፋልቱ ስፋት ስንት ነበር? ዜሮ ሜትር። በእኛ ሰውዬ ስሌት ጉዳቱም ዜሮ ሊሆን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የባሰ ነው። ሳይሸሹ የቀሩትን ወፎች ይዘው መዘኑ። ለጉዞው ስንቅ የሚሆን ስብ እንደሚገባ አልያዙም። ለምን ቢባል፣ ጫጫታ ውስጥ ያለ ወፍ ጠላት ሲመጣ መስማት አይችልም። ስለዚህ ቀና እያለ ዙሪያውን ያያል። ቀና ያለ ወፍ አይለቅምም። እንግዲህ «ለምደዋል» ሲባል የሚታየኝ ይሄ ነው። ወፉ እዚያው አለ፣ ፎቶ ብታነሱት ቆንጆ ነው፣ ግን ጾሙን እያደረ ነው። ከሐዋሳ ፎቅ ላይ ሆኖ «አሉ እኮ!» ማለት ቀላል ነው። አሉ። በልተዋል ወይ?

ደግሞ የአይዳሆው የመኪና ድምፅ ብቻ ነበር። የእኛ ሐይቅ ዳር ባጃጅ አለ። ባጃጁ ጡሩምባ አለው። ቅዳሜ ሙሽራ ለፎቶ ሲመጣ ሙዚቃው በቫን ተጭኖ ይመጣል። እዚህ ቢለካ ሩብ ሳይሆን ግማሹ ነው የሚጠፋው ባይ ነኝ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ እኔም እሱን ነው የምላችሁ፤ ማን ለካና!

አንድ ብቻውን የቆመ ሙከራ ነው የምትሉ ካላችሁ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ነው፤ 234 የአእዋፍና የአጥቢ ዝርያዎችን ይሸፍናል። የመንገድና የመሰል ግንባታ ጫና በወፎች ላይ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር፣ በአጥቢዎች ላይ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ነው ያገኘው። ስልካችሁን አውጡና አስሉት። 20 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ 2 ሄክታር ነው። ግራና ቀኙን አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ስትጨምሩ ከ200 ሄክታር በላይ ይሆናል። መቶ እጥፍ! ይህ ለወፎቹ ብቻ ነው። እርግጥ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ወፍ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ እየራቀ ሲሄድ ጫናው እየሳሳ ይመጣል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ሐይቁ ራሱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወፎቹ ደግሞ መሃሉ ላይ አይኖሩም። ዳር ላይ፣ ፊላውና ደንገሉ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ልክ መንገዱ ሊያልፍ የታሰበበት ጠርዝ ላይ። ሐይቁን ሙሉ አካፋይ አድርጎ «ከቁጥር አይገባም» ማለት ማጭበርበር ነው። ለስላሳ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ድምፁን ተዉት፣ መብራቱም አለ። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይበላል፤ ለዚህም ከውሃው ርቆ ይሄዳል። መንገድ አለው። ትውልድ የረገጠው፣ እንደ ቦይ የጎደጎደ መንገድ ነው። ሐይቅ ዳር በዘበኝነት ብዙ ዓመት የኖሩ አባት አንዱን አሳዩኝ። አሁን ሣር በቅሎበታል።

«አባባ፣ እዚህ አይወጣም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ድሮ ነዋ ልጄ። ያንን አምፖል ካቆሙት ወዲህ በዚያ በጓሮው በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። የሰው በቆሎ ገባ ብለው ይራገማሉ።» በዱላቸው ምሰሶውን መታ መታ አደረጉት። «እሱን ግን ማንም አይራገምም።»

አንድ ምሰሶ ነው፤ ሥሩ ግማሽ ሜትር ካሬ መሬት አይዝም። በወረቀት ላይ የያዘው ይህን ያህል ነው። በሌሊት የያዘው ግን የአንድ ጉማሬን መንገድና የአንድ ገበሬን ማሳ ነው።

ስለ ጉሬዛዎቹ ብዙ አልልም። አንድ ሾላ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆኑ አሞራ ገደል አካባቢ አይቻለሁ፤ ከዛፍ ዛፍ የሚዘል እንስሳ መሬት ወርዶ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ በባጃጅ መሃል ሲሮጥ። ጎረቤት ኬንያ፣ ዲያኒ ላይ፣ ከመንገዱ በላይ የገመድ መሰላል ዘርግተውላቸዋል፤ ጦጣውም ጉሬዛውም በሱ ይሻገራል። ገመድ ነው እንግዲህ።

«ታዲያ ልማት ይቅር ነው የምትለው?» ይሉኛል፤ ሁሌም ይሉኛል። እኔም ማታ ሐይቁ ዳር፣ ግድቡ ላይ ወክ አደርጋለሁ። ጨለማ ውስጥ መደናቀፍ አልወድም። የምለው፣ ለክታችሁ ሥሩ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም የሚለው ግንባታው ሳይጀመር አስቀድሞ ይጠና ነው። የመጀመሪያው ዶዘር ሳይመጣ ቁጠሩ፤ ከጠርዙ 50 ሜትር ላይ፣ 200 ሜትር ላይ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ። መንገድ የማይደርስበትን ሌላ ዳርቻም በተመሳሳይ ቀን ቁጠሩ፤ ያለዚያ የቀነሰው በመንገዱ ይሁን በዝናቡ አይታወቅም። በጋም ክረምትም ይቆጠር፤ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች ክረምት ላይ የሉም። ከተሠራ በኋላ እንደገና። በጀት የለም እንዳትሉኝ። ባይኖኩላር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ስለ ዱር እንስሳት የሚያስተምር ኮሌጅ ደግሞ ወንዶ ገነት ላይ አለን፤ ተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ይዞራሉ።

ሻይ ላይ ሰውዬውን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰላምታቸው ጥሩ ነው፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ይቅርታ፣ ጉማሬዎቹን ስንት ሰዓት ላይ ነው ያያችኋቸው?»

«ባለሙያ ልከናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዳርቻውን በሙሉ ዞሯል፤ አንድም አላገኘም።»

«በ3 ሰዓትማ ውሃ ውስጥ ናቸው። ማታ አልሄደም?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ኧረ ተው! በዚያ ጨለማ ማን ይሄዳል?»