ባትማን ጅማ መጥቶ ይሠልጥን

ወንጀለኛ አሳዳጁ የፊልም ጀግና ባትማን ሰው አይገድልም። መርሁ ነው ይላሉ። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት ግን ከባድ ነው።

ባለፈው እሑድ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ዝናብ አግቶን ተቀምጠናል። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የባትማን ፊልም አለ። ቀንደኛ ጠላቱ ጆከር ከፎቅ ላይ ቁልቁል ተወረወረ። እፎይ ልንል ስንል ባትማን በገመድ ጠልፎ አተረፈው! ቤቱ ተናወጠ። "ይሄ ፋራ!" አለ አንዱ። "ነገ አምልጦ ስንቱን ይጨርሳል!" አለ ሌላው። ባለ ባጃጁ ጎረቤቴ "ለኔ ቢሰጡኝ..." ብሎ ጀመረና የቀረውን በጡጫው ጠረጴዛው ላይ ጨረሰው። ሻዬ ተደፋ።

እውነቱን ለመናገር ባትማን ድሮ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። በ1939 በሥዕላዊ መጽሔት ላይ ሥራ ሲጀምር ይገድል ነበር። ጆከርም በ1940 ብቅ ባለበት በመጀመሪያው እትም ላይ ሊሞት ታስቦ ነበር። ያተረፈው ባትማን ሳይሆን አዘጋጁ ነው፤ እንዲህ ያለ ክፉ ሰው በከንቱ ይባክናል ወይ ብሎ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ያመልጣል፣ መጽሔቱ ይሸጣል። በ2005ቱ ፊልም ደግሞ ትንሽ ተሻሽሎ ነበር። ጠላቱን አልገድልህም፣ የማዳን ዕዳም የለብኝም ብሎ ሊከሰከስ በሚሮጥ ባቡር ውስጥ ትቶት በረረ። (የእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ ሰውን ለሞት አደጋ ትቶ የሚሄድን ይቀጣል። ሕግ ሲባል ነገር ማካበድ ይወዳል።)

እኛ እንዲህ ዓይነት ፍልስፍና ውስጥ አንገባም። ዝናቡ አባራ አላባራ ስንል ከውጭ "ሌባ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። "ሃቱ!" ብሎ ሌላው ተቀበለ። በስንቱ ጉዳይ ተነታርከን የማንስማማ ሰዎች በሁለት ቋንቋ አንድ ልብ ሆንን። ሻይ ቤቱ ባንድ ትንፋሽ ባዶ ቀረ። ሒሳብ የከፈለ ያለ አይመስለኝም።

ፍጥነታችን ይመስገን። ባትማን ጭንብሉን እስኪያጠልቅ፣ ካባውን እስኪያስር፣ መኪናውን እስኪያስነሳ፣ እኛ አርባ ሆነን ደርሰናል። ለአንድ ልጅ። ዕድሜው ከአሥራ ስድስት አይበልጥም፤ አንድ እግር ጫማው ወልቋል። ጭንብል ደግሞ ለምን ይጠቅመናል? አርባ ሰው ሲማታ የማንም ፊት አይታይም።

ትጋታችንም ይመስገን። ጃንጥላውን አጥፎ፣ ቦርሳውን ለማያውቀው ሰው አስይዞ የገባ አንድ ጎልማሳ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ነው ዘወር ብሎ "ምን አርጎ ነው?" ያለው።

"ስልክ።"

"የማን?"

"እኔንጃ።"

ተመልሶ ገባ። እኔ አልመታሁም። ከኋላ ሆኜ "ያዙት!" እያልኩ ነበር። ተይዟል እኮ።

ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ናላው ዞሮ፣ ወገቡን በመቀነት ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ኋላ ቀርነት ነበር። ዛሬ ማንም ምንም አይጠጣም። ሳንጠጣ ነው ሰው ላይ የምንወድቀው።

አሜሪካኖችም በ1988 ሞክረውታል። የባትማን ረዳት የሆነው ሁለተኛው ሮቢን ይሙት ወይስ ይኑር ብለው አንባቢን በስልክ ድምፅ አሰጡ። ይሙት ያሉት 5,343፣ ይኑር ያሉት 5,271። በ72 ድምፅ ልጁ ሞተ። ለአንድ ጥሪ 50 ሳንቲም ከፍለዋል፤ የዶላሩን ሳንቲም። እኛ ጋ ክፍያ የለም። ቆጠራም የለም። ይኑር የሚል ስለማይገኝ ቆጠራ ለምን ያስፈልጋል?

ልጁ ሰርቋል ወይ? ሰርቋል። እሱን አልክድም። ስልኩም በመጨረሻ ተገኝቷል፤ ከእግራችን ሥር፣ መስታወቱ ደቆ። ባለቤቷ ይዛው ቆማ የምታለቅሰው በማን እንደሆነ አልገባኝም።

ነገሩ ባማረበት ሰዓት አንዲት ቡና አፍልተው የሚሸጡ እናት መጡ። ካባ የላቸውም፣ ሽርጥ ብቻ። ባለ ሦስት እግሯን በርጩማቸውን ልጁ ጭንቅላት አጠገብ አኖሩና ቁጭ አሉባት። ማንንም አልለመኑም።

"መምታት የሚፈልግ ይምታ" አሉ። "መጀመሪያ ግን ዱቤዬን ይክፈለኝ።"

ዝም አልን።

"አንተ፣ የአራት ቀን ቡና። አንተ ደግሞ ከረመዳን ወዲህ ያለብህን ቆጥሬ ደክሞኛል። ባለ ጃንጥላው፣ ዞር በል እስቲ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ስኒ ሰብረህ የጠፋኸው?"

ፊት የለውም ያልኩት ሕዝብ ወዲያው ፊት አወጣ። ባለ ጃንጥላው ቦርሳውን ሳይቀበል ሊሄድ ነበር። እኔም የሁለት ስኒ ዕዳ ትዝ አለኝና በጎን ሹልክ አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ ልጁን ደግፈው ውኃ እያጠጡት ነበር።

ሻይ ቤቱ ባለቤት ጨዋ ሰው ነው። ፊልሙን አቁሞ ጠብቆናል። ጆከር እንደተዘቀዘቀ፣ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ባለ ባጃጁ ጎረቤቴ የጣቱን አንጓ በሶፍት እየጠረገ ተቀመጠ።

"አሁን ይሄን ማዳን ምን ይሉታል?" አለ።