ድርቅ ሌላ፣ ረሃብ ሌላ

ዝናብ ሲቀር ድርቅ ነው፤ ሰው የሚበላው አጥቶ ሲሞት ግን ረሃብ ነው። የወሎ ገበሬ አሳምሮ የሚያውቀውን ይህን ልዩነት መግለጫ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ ሲያደበላልቁት ማየት ያንገበግበኛል። «ድርቅ» ሲባል ተጠያቂው ሰማይ ብቻ ይሆናል፤ «ረሃብ» ሲባል ግን ማን ዘገየ፣ ማን ደበቀ፣ እህሉስ የት ገባ የሚል ጥያቄ ይከተላል። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲያልቅ እህል ከዚያው ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር፤ መንግሥትም እልቂቱን ከዓለም ሸሽጎት ነበር። ይህንን ሁሉ «ድርቅ» በሚል አንድ ቃል መሸፈን ለሟቾቹ ሁለተኛ በደል ነው።

ዛሬም «በአንዳንድ አካባቢዎች የምግብ ክፍተት ታይቷል፤ አስፈላጊው እርምጃ እየተወሰደ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይነበብልናል። የትኛው ቀበሌ? ስንት አባወራ? ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ቀን ይደርሳል? እርምጃውን የሚወስደውስ ማን ነው? ባለቤት የሌለው ግሥ ተጠያቂም የለውም። ዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ምደባ እንኳ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ በመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም በረሃብ፣ ከ10,000 ሰው በቀን ቢያንስ ሁለቱ በረሃብ ወይም የምግብ እጥረትና በሽታ ተደራርበውባቸው ይሞታሉ። ሰው ግን መሞት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ከላስታ ደጋ እስከ ቆቦ ቆላ ያለው ሕዝብ ሲራብ፣ እባካችሁ «ተርቧል» ብላችሁ ጻፉ፤ ቁጥሩንና ቦታውንም አብራችሁ አስፍሩ።