አይጥ ላይ የቆመው የስኳር መድኃኒት

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ደጋግማ የምትመጣ ዜና አለች። «ተመራማሪዎች ለስኳር በሽታ ፍቱን የሆነ ቅጠል አገኙ» ትላለች። ቅጠሉ ይለያያል። አንዴ ሽፈራው ነው፣ አንዴ ግራዋ፣ አንዴ ጦስኝ። ሰው ሼር ያደርጋታል፤ ስኳር ላለባት እናቱ ያነብላታል። ጥናቱን ገልጦ ያነበበ ግን አንድ ነገር ያያል። ስኳሩ የቀነሰው አይጥ ላይ ነው።

የባህል መድኃኒትን ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ከቅጠሎቻችን አንድ ቀን መድኃኒት ይወጣል ብለው ከሚያምኑት ነኝ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አይጡ ጋ ስንደርስ እንቆማለን። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቅጠል ይመጣል፣ ሌላ አይጥ ይወጋል። ከዚያ አልፎ እስከ ሰው የሚዘልቀው ጥናት እጅግ ጥቂት ነው።

ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቅና ይወቀጣል። ብዙ ጊዜ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት (80 በመቶ) ውስጥ ለ3 ቀን ያህል ይዘፈዘፋል። ይጣራል፤ ፈሳሹ እንዲተን ይደረጋል። ታች የሚቀረው ጠቆር ያለ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው የሚመረመረው። በመጀመሪያ መርዛማነቱ ይታያል። አይጧ በክብደቷ በኪሎ 2000 ሚሊግራም ሒሳብ አንዴ ይሰጣትና 14 ቀን ትጠበቃለች። ካልሞተች ወደ ዋናው ሥራ ይገባል። ሌሎች አይጦች አሎክሳን ወይም ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል ኬሚካል ይወጋሉ። ኬሚካሉ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይገድላል፤ ስኳራቸውም ይወጣል። ከዚያ በቡድን በቡድን ይከፈላሉ፤ በአንድ ቡድን 6 አይጥ የተለመደ ነው። አንዱ ቡድን ውሃ ብቻ፣ አንዱ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን፣ የቀሩት የቅጠሉን ንጥር በተለያየ መጠን ይወስዳሉ። ከጅራታቸው ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል። መለኪያው ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ዓይነት ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የቅጠሉ ቡድን ስኳር ወርዶ ይገኛል። ተማሪው ይመረቃል፤ ወረቀቱ ይታተማል።

ይህ ከንቱ ድካም አይደለም። የሚያውቁት ያውቁታል፣ ልፋቱ ቀላል አይደለም። ግን ያልተመለሱት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። በኬሚካል በቀናት ውስጥ የታመመች አይጥ፣ ስኳሩ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣበትን የሃምሳ ዓመት ሰው አትመስልም። የብዙዎቻችን ሕመም ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው። እዚያ ላይ ኢንሱሊኑ ብዙ ጊዜ አለ፤ ሰውነት አልታዘዝ ይለዋል። ሁለት ሳምንትም ዕድሜ ልክ አይደለም። አንድ ነገር ለ14 ቀን ጉበትና ኩላሊትን አልጎዳም ማለት ለ10 ዓመት አይጎዳም ማለት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን አዘገጃጀቱ ነው። አንኮበር ወይም ጣርማ በር ያለች እናት ቅጠሉን በሜታኖል አትዘፈዝፍም። በውሃ ታፈላዋለች፣ ወይ በማር ትለውሰዋለች፤ በቡና ሲኒ ትጠጣዋለች። ሜታኖል የሚያወጣውን ውሃ ላያወጣው ይችላል። ውሃ የሚያወጣውንም ማፍላቱ ሊያጠፋው ይችላል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ያገኘችው ይህ ስለገባት ነው። ጥንታዊው የቻይና ጽሑፍ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል እንጂ አፍላ አይልም። እሷም ሙቀቱን ቀነሰች፤ ኤተር በሚባል ቶሎ በሚተን ፈሳሽ አወጣችው፤ ሠራ። መጀመሪያ ከጠጡት ሰዎች አንዷ ራሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። አዘገጃጀቱን ከአዋቂው አፍ ሳንጠይቅ፣ ቅጠሉን ብቻ ወስደን «የባህል መድኃኒቱን መረመርን» ማለታችን ትክክል አይመስለኝም። የመረመርነው ሌላ ነገር ነው።

ከቅጠል መድኃኒት እንደሚወጣ ማስረጃው መደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል። በየቀኑ የምንሸጠው ሜትፎርሚን መነሻው ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ለዘመናት እንደ መድኃኒት ያውቁት ነበር። ተክሉ ግን በግ ይገድላል፤ የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ አጥሩን ያጠብቃል። ውስጡ ያለው ጋሌጂን የሚባል ነገር ስኳር ይቀንሳል፣ ግን ለሰው የሚሰጥ አልሆነም። ስለዚህ ኬሚስቶች ዘመዶቹን ፈለጉ። ሜትፎርሚን ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ሰው ላይ ሞክሮ ያሳተመው በ1957 ነው። 35 ዓመት ፈጀ። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚውጠው የስኳር ኪኒን ሆኗል።

በእኛም በኩል እንዶድን እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ማስተላለፊያ የሚያጠፋ ነገር ተገኘ። ከግኝቱ ይልቅ ያስቸገራቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። ደኅንነቱን ዓለም በሚቀበለው መንገድ ማረጋገጥ ዓመታት ወሰደ። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚያ ጋ ነው፤ እኛም አሁን የምንሸሸው እዚያ ጋ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት ላብ በላብ ሆነው ገቡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በሌላኛው እጃቸው ደቃቅ ነገር የታሰረበት ፌስታል ይዘዋል። ስኳራቸውን ስለካው ከ60 በታች ነበር። የሚጣፍጥ ነገር ሰጥቼ፣ አስቀምጬ አረጋጋኋቸውና ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የስኳር ነው ልጄ። ከአንኮበር አስመጥቼ ነው።»

«ኪኒኑንስ?»

«እሱንም ጠዋት ውጫለሁ። ሁለቱ ቢረዳዱ ብዬ።»

«እህል ቀምሰዋል?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ አይደል እንዴ።»

«ሐኪሙ ይህን እንደሚወስዱ ያውቃል?»

«ኧረ ይቆጣኛል!»

ኪኒኑ ግሊቤንክላማይድ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋፋል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ስኳርን ከሚገባው በላይ ያወርዳል። ከላዩ ሌላ ስኳር የሚቀንስ ነገር ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል። በዚያ ቀን ጾሙ ይሁን ፌስታሉ ውስጥ ያለው ነገር ይሁን ዋናው ምክንያት፣ መለየት አልቻልኩም። ልለይ የምችልበት ጥናት የለኝም። ቅጠሉ ኃይል ከሌለው ገንዘባቸውን እያባከኑ ነው። ኃይል ካለው ደግሞ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ እየወሰዱ ነው፤ ሐኪማቸው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ቁጣችን ያመጣው ይህን ነው። ሰው ደበቀን።

አዋቂዎቹም ይደብቁናል፤ አልፈርድባቸውም። «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ስንላቸው ኖረናል። ዕውቀቱ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ርስታቸው ነው። ተማሪ መጥቶ ስሙን ጽፎ ይሄዳል፤ ተመልሶ ውጤቱን የሚነግራቸው ብዙም የለም። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ ሕግ ግን አለን። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ባለ ዕውቀቱ ማኅበረሰብ እንዲፈቅድና ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል። አዋጁ ወረዳ ድረስ ወርዶ በአማርኛ ቢነበብላቸው፣ በር የሚከፍቱ አዋቂዎች ጥቂት አይሆኑም ብዬ አምናለሁ።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ለጥቂት ዓመታት አዲስ ቅጠል መፈለጉን ገታ እናድርገው። ሁለት እንምረጥ። ለሰሜን ሸዋ እኔ ጦስኝንና አብሽን እመርጣለሁ። ጦስኝ ከመንዝና ከጣርማ በር ከፍታዎች ተለቅሞ እንደ ሻይ ይጠጣል። አብሽ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ይጠጣዋል፤ ሌላ አገር ሰው ላይ የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶችም ስኳር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሁለቱም ለሥራቸው ሲባል የሚቆፈሩ ዓይነት አይደሉም። ሥራቸው እየተቆፈረ የሚያልቁ ዕፅዋት ስላሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም፣ ሐኪም ግዛው ሆስፒታልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ናቸው። ፈቃደኛ የሆኑ ዓይነት ሁለት ታካሚዎች ኪኒናቸውን ሳያቆሙ ይመዝገቡ። ግማሾቹ በሰዎች ቤት እንደሚዘጋጀው አድርገው፣ ግን በልክ ተመዝኖ ይጠጡ። ግማሾቹ አይጠጡ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ይለካ። ኢንሱሊን የሚወጉ ዓይነት አንድ ልጆች እዚህ ውስጥ አይግቡ። እነሱ መርፌውን በቅጠል ቢተኩት በቀናት ውስጥ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ለወላጅ ደጋግሞ መንገር የእኛ ሥራ ነው። ውጤቱ «አይሠራም» ቢሆን እንኳ ይታተም፤ ቅጠሉን ለነገሩን አዋቂዎችም ይነገር።

ጥናቱ እስኪጀመር ግን ዛሬውኑ የሚቻል ነገር አለ። የስኳር ክትትል ካርድ ላይ ከኪኒኑ ስም ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ሌላ የሚጠጡት ነገር አለ? ምን? እንዴት ተዘጋጅቶ? በስንት ሲኒ?» ነርሷም ጥያቄውን ሳትቆጣ ትጠይቅ፤ መልሱን ትጻፍ።