ደቻቱን ኮምፒውተር ያውቀዋል?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ድሬዳዋ ሌላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ከመገንባቷ በፊት የኮምፒውተር የጎርፍ ሞዴል ያስፈልጋታል። ደጋፊው የውሃ መሐንዲስ ነው። ተቃዋሚዋ የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ ዳር ተወልዳ ያደገች ነጋዴ ናት።

መሐንዲሱ

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከባዱ ዝናብ የጣለው ደጋው ላይ ነበር። ውሃው ከዚያ ወርዶ ከተማው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ግን ጊዜ ነው። ሞዴል ይህንን ጊዜ ያሰላል። መሬቱን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍላል። ከዝናቡ ምን ያህሉ እንደሚሰርግ፣ ምን ያህሉ እንደሚወርድ፣ ከአንዱ አራት ማዕዘን ወደ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ይነግረናል። የስሌቱ መሠረት አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳን ቬናን እ.ኤ.አ. በ1871 ያወጣው ነው። ወጪውም አያስፈራም። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የሠሩት ሄክ-ራስ የተባለው የጎርፍ ማስሊያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ከጠፈር የተለካው የመሬት ከፍታ መረጃም ነፃ ነው። አንዱ አራት ማዕዘን 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ለመነሻ በቂ ነው። ሳያሰሉ ግንብ መደርደር ግን ገንዘብ ለጎርፍ መስጠት ነው።

ነጋዴዋ

«ለመነሻ በቂ ነው» አልክ? አቦ፣ በ30 ሜትር ውስጥ እኮ የእኔ ቤት፣ የጎረቤቴ ሱቅ፣ መሐል ያለው መንገድና የወንዙ ግንብ ሁሉም ይገባሉ። ለሁሉም አንድ ከፍታ ሰጠሃቸው። ግንቡ ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ካርታህ ላይ የለም። ግንቡን የማያይ ካርታ ይዘህ ስለ ግንብ ልትመክረን መጣህ።

ደግሞ ደቻቱ ባለበት የሚቆም መስሎሃል። በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፍ መጥቶ ሲሄድ አሸዋው ቦታ ይቀይራል። አምና ጉድጓድ የነበረው ዘንድሮ ደልዳላ ነው። አሸዋ አውጪዎች ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሳተላይትህ የየትኛውን ዓመት አሸዋ ነው የለካው? እናቴ ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደጋው ላይ ባለችው በደንገጎ በኩል ጠቆር ሲል ካየች ዕቃዋን ትሰበስባለች። ሶፍትዌር አላወረደችም።

መሐንዲሱ

ከጻፍኩት ሁሉ 30 ሜትሯን ብቻ መዝዘው ያዙ። በድሮን የተሻለ ካርታ ይነሳል፣ ግንቡም ተለክቶ ሞዴሉ ውስጥ ይገባል። ይልቅ እኔ ልጠይቅዎ። ግንብ ስንት ሜትር ከፍ ይበል የሚለው በምን ይወሰናል? በስሌት ነው። ወንዙን በግንብ ሲያጠብቡት ውሃው ከፍ ይላል፣ ይፈጥናል። እዚህ የዳነው ሰፈር ታች ላለው ሰፈር መከራ ሊልክ ይችላል። ይህን አሸዋው ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። እናትዎን አከብራለሁ። ግን የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። ደንገጎ መጥቆሩን በጨለማ ማን ያያል?

ነጋዴዋ

አሁን ደግሞ ድሮን መጣ! ትናንት ነፃው በቂ ነበር። ሁለት ዙር ሳንጽፍ ዋጋው ጨመረ። በሚቀጥለው ደግሞ የራሳችሁን ሳተላይት አምጥቁ ትለናለህ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ሲመጣ ቀይ ቀለም ይዞ ይመጣል። ቀይ የተቀባ ሰፈር ደግሞ ተነሱ ይባላል። አንዲት አራት ማዕዘን ወደዚህ ፈቀቅ ካለች ቤቴ ቀይ ውስጥ ነው። ያኔ «ለመነሻ በቂ ነበር» ብለህ ትመሰክርልኛለህ?

መሐንዲሱ

እኔ ሰው አላፈናቅልም። ሥራዬ ውሃው የት እንደሚደርስ መናገር ነው። ቤትዎ ቀይ ውስጥ ከገባ ውሃው ስለሚደርስበት ነው። ካርታውን ሌላ ሰው ለሌላ ዓላማ ቢያውለው እኔ አልጠየቅበትም። በዚህ መልክ መዘለፍ ግን አልለመድኩም።

ነጋዴዋ

ማን ሰደበህ? ውሃው ስለሚደርስበት ወይም አንተ 30 ሜትር ስለሳትክ! እንግዲያው ካርታው ከመጽደቁ በፊት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በ1998 ውሃው እስከየት እንደደረሰ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ይዘውህ ይዞራሉ፤ እዚህ እስከ መስኮት፣ እዚያ እስከ ጣሪያ ብለው በእጃቸው ያሳዩሃል። ከዚያ ጋር የማይገጥም ካርታ ይቀደድ። ይህ ሳይሆን ማንም ቤቴ ላይ ምልክት እንዳያደርግ።

መሐንዲሱ

ይህ እኮ የሞዴል ማረጋገጫ ይባላል! የሚያወሩት የእኔን ሥራ ነው። ሞዴሉ ያሰላው ከፍታ በእውነተኛ ጎርፍ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል፤ ካልገጠመ ይስተካከላል። ያለዚያ ማንም አያምነውም።

ነጋዴዋ

ታዲያ ሳን ቬናንን ከምትጠራ ይሄንን መጀመሪያ አትጽፈውም ነበር? ማረጋገጫው እኛ ዘንድ ከሆነ እኛን ሳትጠይቅ «በቂ ነው» ያልከው በምን አረጋግጠህ ነው?