«የባላገር» እንግሊዝኛ ተበላሽቷል ያለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዟ ሄልሶወን ከተማ የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ እንዳይናገሯቸው የከለከላቸውን 10 የአካባቢው አነጋገሮች ዘርዝሮ ለወላጆች ላከ። ልጆቹ አድገው ሥራ ሲፈልጉ እንዳይቸገሩ ነው ከተባለ ክርክር የለኝም፤ ደብዳቤ የሚጻፍበትን እንግሊዝኛ ማወቅ አለባቸው። የማልቀበለው የአያቶቻቸው አነጋገር የተበላሸ ቋንቋ ነው የሚለውን የቆየ እምነት ነው።

ኖቲንግሃም ወይም ስቶክ አካባቢ ብርድ የማይችል፣ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ኮት የሚደርብ ሰው «ነሽ» ይባላል። (ለእኛ ጆሮ ለሴት ተጀምሮ ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ይመስላል።) ለንደን ላይ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቃሉ ግን ከ1000 ዓመት በፊት በተጻፈ እንግሊዝኛ ውስጥ «ለስላሳ» የሚል ትርጉም ይዞ ይገኛል።

ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ ወደ ዮርክሸር ስንወጣ ደግሞ ጅረት «ቤክ»፣ መጫወት «ሌክ» ነው። ሁለቱም ከስካንዲኔቪያ በባሕር መጥተው እንግሊዝን የወረሩት የቫይኪንጎች ቃላት ናቸው። በ866 ዮርክን የያዙት ሰዎች ወገኖች ሰይፋቸውን አስቀምጠው አረሱ፣ ተጋቡ፤ ቋንቋቸው ጠፋ፣ ቃላታቸው ግን ከልጆቻቸው አፍ አልጠፋም። በኋላ ዘመን የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ የሌለበትንም ቀን «ሌክ» ይሉት ነበር። ቤታችሁ ሌጎ የሚባለው መጫወቻ ካለ የቃሉን ዘመድ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ከዴንማርክኛው «ሌግ ጎት»፣ «ደህና ተጫወት» ከሚለው የመጣ ነው።

ይህን ሀብት የሰበሰበው ጆሴፍ ራይት ራሱ የዮርክሸር ድሃ ልጅ ነበር። በ1855 ተወልዶ በ6 ዓመቱ ድንጋይ ካባ ውስጥ አህያ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ፋብሪካ ገባ። ማንበብ የተማረው 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ያ ልጅ ጀርመን ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ዶክተር፣ ኦክስፎርድ ደርሶ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከ1898 እስከ 1905 ባለው ጊዜም የእንግሊዝኛን የየአካባቢ ቃላት በ6 ቅጾች አሳተመ። ከአህያ ነጂዎችና ከፈታዮች ጋር ስላደገ፣ ንግግራቸው የራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑን ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ዛ» ነው። መደበኛው እንግሊዝኛ አንተንም እርስዎንም «ዩ» ብሎ ሲጨፈልቅ፣ የዮርክሸር ሽማግሌዎች ለቅርብ ሰው የሚሆነውን «አንተ»፣ ማለትም «ዛ»ን፣ አላስነኩም። ደፋር ልጅ «ዛ» ሲላቸው «እኔን ዛ አትበለኝ፤ ራስህን ዛ በልና እንዴት እንደሚጥምህ እየው» የሚል የታወቀ ተግሣጽ አላቸው። «ምን ቆርጦህ ነው አንተ የምትለኝ?» ሲባል ለሰማ አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ማብራሪያ አይፈልግም። «ዛ» ደግሞ ሌላ ሳይሆን ሼክስፒር ቴያትሮች ውስጥ የሞላው «ዛው» ነው፤ ተማሪው ከመጽሐፉ ሲያነበው ይጨበጨብለታል፣ ከአያቱ ሰምቶ ሲናገረው ይታረማል።